ልጅዎ ትራሷ ስር የደበቀችው ቫምፓየር

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። በልጅዎ ክፍል በር ስር ቀጭን የስልክ ብርሃን ይታያል። በሩን ገፋ አድርገው «አልተኛሽም እንዴ?» ይሏታል። «እያነበብኩ ነው» ትላለች። ሌላ ሌላውን ከምትጎረጉር ማንበቧ ይሻላል ብለው፣ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብለው ወደ አልጋዎ ይመለሳሉ።

እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ ኮርቼ ስመለስ ከርሜያለሁ። ልጄ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ምን እንደምታነብ ጠየቅኳት። በክፍሏ ልጆች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው፤ ስሙ «ብሬኪንግ ዳውን»፣ «ቱዋይላይት» የተባለው የቫምፓየር ፍቅር አራተኛው ክፍል። ባለቤቴ ሁለት ገጽ አየና «ይህን ቆሻሻ አጥፊው» አላት። ልጅቱ ደግሞ የዘመኗ ልጅ ናትና አባቷ ፊት አጥፍታ በማግስቱ ከጓደኛዋ መልሳ አስላከችው። እኔ የመረጥኩት ሌላ መንገድ ነበር፤ ተቀምጬ አነበብኩት። ልነቅፈው ጀምሬ ሊነጋ ሲል ነው የተኛሁት። ስለዚህ ልጅዎ ለምን እንደምታነበው እባክዎ አይደነቁ፤ መጽሐፉ ይይዛል።

ታሪኩን ለማያውቁ ባጭሩ ልንገርዎት። አሜሪካዊቷ ስቴፈኒ ሜየር የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያሳተመችው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። «ኒው ሙን»፣ «ኢክሊፕስ» እና «ብሬኪንግ ዳውን» በየዓመቱ ተከታትለው እስከ 2008 ወጡ፤ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጡ፣ ፊልምም ሆኑ። ቤላ የምትባል የ17 ዓመት ተማሪ ኤድዋርድ የሚባል ልጅ ትወዳለች። የኤድዋርድ መልክ የ17 ዓመት ነው፤ ዕድሜው ግን መቶ አልፏል። በ1918 እ.ኤ.አ. በተነሣው ወረርሽኝ ቺካጎ ውስጥ ሊሞት ሲያጣጥር ነው ቫምፓየር የሆነው። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ አዲስ አበባ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠለች የምትታጠንለት ያው በሽታ ነው። ኤድዋርድ የሰው ደም አይቀምስም፤ የዱር አውሬ እያደነ ይኖራል። በእኛ አነጋገር ጿሚ ቫምፓየር ልንለው እንችላለን።

እኛ ወላጆችን የሚያዘናጋን ነገር እዚህ ላይ አለ። ደራሲዋ የሞርሞን እምነት ተከታይ ናት፤ በመጽሐፎቹ ውስጥ ጥንዶቹ ከጋብቻ በፊት ግንኙነት አያደርጉም። እንዲያውም «ቆይ፣ መጀመሪያ እንጋባ» የሚለው ወንዱ ነው። የሰፈራችን እናት ይህን ብትሰማ «እሰይ! ጨዋ መጽሐፍ ነው» ብላ ታሳልፈዋለች። እኔም ለጥቂት አሳልፌው ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ከሰርጉ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት

በአራተኛው መጽሐፍ ቤላ 18 ዓመቷ ነው። ተጋብተው ብራዚል አጠገብ ወዳለች ደሴት ለጫጉላ ይሄዳሉ። ደራሲዋ የሌሊቱን ነገር ዘልላ ጠዋቱን ታሳየናለች፤ የሙሽራዋ ገላ በልዟል። ኤድዋርድ አይቶ ይደነግጣል፣ ራሱን ይጠላል። ቤላስ? አላመመኝም፣ ደስተኛ ነኝ ትላለች፤ ደግሞም የበለዘችው እሷ ሆና ሳለ እሱን የምታጽናናው እሷው ናት። ልጄን ይህን ገጽ እንዴት እንዳየችው ስጠይቃት «ስለሚወዳት ነው እኮ የተጨነቀው» አለችኝ። ስለ እሱ ጭንቀት እንጂ ስለ እሷ ሰውነት አንድ ቃል አልተናገረችም። መጽሐፉም ዓይኗን የሚመራት ወደዚያው ነው።

ወደ ኋላ ተመልሰው ቢያነቡ መንገዱ ቀድሞ የተጠረገ ሆኖ ያገኙታል። ኤድዋርድ ገና ሳይቀራረቡ ሌሊት ሌሊት መኝታ ቤቷ ገብቶ ስትተኛ ያያታል፤ እሷ አታውቅም። በሦስተኛው መጽሐፍ ጓደኛዋ ጋ እንዳትሄድ የመኪናዋን ሞተር ያበላሽባታል። ተኩላ የሚሆነው ጓደኛዋ ጄኮብ በግድ ሲስማት በቡጢ መትታው የራሷ እጅ ይሰበራል፤ አባቷ ሲሰማ ልጁን በርታ ይለዋል። አባቶች ይህችን ገጽ ቢያነቧት እወዳለሁ።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ብዙ አንባቢ ልብ የማይላት ኤሚሊ ናት። እጮኛዋ ሳም የተኩላዎቹ አለቃ ነው። አንድ ቀን ተቆጥቶ መልኩ ሲለወጥበት አጠገቡ ነበረችና ግማሽ ፊቷን ቦጨቀው። ለአገሩ ሰው የተነገረው ድብ እንደቧጠጣት ነው። እሷም ይቅር ብላዋለች፤ ደራሲዋም የምታዝነው ለእሱ ጸጸት ነው። «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ብላ በጥቁር መነጽር ቢሮ የገባች የሥራ ባልደረባ ኖራዎት የሚያውቅ ከሆነ ድቡን ያውቁታል።

ከዚያ ደግሞ የሕፃኗ ነገር አለ። ተኩላዎቹ «ልባቸው የታተመባት» ሴት ትኖራለች፤ አንዴ ካዩዋት በቃ፣ የእነሱ ናት። ከመካከላቸው አንዱ ጎረምሳ ልቡ የታተመው በሁለት ዓመት ሕፃን ላይ ነው። ጄኮብ ደግሞ በአራተኛው መጽሐፍ ቤላ በወለደችበት ዕለት አራሷን ሕፃን አይቶ ልቡ ይታተምባታል። ክፉ ነገር አያስብም፣ አሁን እንደ ወንድም ነው፣ እስክታድግ ይጠብቃታል፣ ይለናል መጽሐፉ። በምዕራቡ ዓለም ብዙ አንባቢ ይህን ሲያነብ «ይህ ከየት የመጣ እብደት ነው?» ብሏል። እኔ ግን ከየት እንደማውቀው ወዲያው ትዝ ያለኝ ወገዳ ነው።

ወገዳ፣ መብራት በጠፋበት ማታ

ወገዳ የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ወዲያ፣ ምድሩ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚያዘነብልበት አገር። የእናቴ ወገኖች እዚያ ናቸው። በዚያው ዓመት ለፋሲካ ሄደን ነበር። አያቴ ቆብ ከጫኑ ቆይተዋልና ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። በበዓሉ ማግስት ማታ መብራት ጠፋ፤ ቡና ተፈልቶ በኩራዝ ተቀመጥን። እማሆይ ልጄን «ሌት ተቀን የምታነቢው ምንድን ነው የኔ ልጅ? ዳዊት ነው?» አሏት። እኔ ቀና ብዬ አየኋት። ልጄ ግን ደስ ብሏት መተረት ጀመረች።

«ደም የሚጠጣ ሰው? ቡዳ ነዋ!» አሉ እማሆይ።

«ቡዳ አይደለም እማሆይ፣ ቫምፓየር ነው። ቆንጆ ነው ደግሞ።»

«ቡዳስ ቢሆን መልኩ በምን ይለያል ብለሽ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና ልመለስ። በእኛም አገር ተረት ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ ያስነሣል ይባላል። ጉዳቱ የደረሰው ግን ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ቤተ እስራኤሉ ላይ ነው፤ ማንንም ያልበሉ ባለሙያዎች በዚህ ስም ሲገለሉ ኖረዋል። በደርግ ዘመን ደግሞ «ደም መጣጭ» ሲባል ባላባትና ከበርቴ ማለት ነበር። ጭራቁን ምንጊዜም ከቤታችን ውጭ ስናስቀምጠው ይገርመኛል።

ልጄ የበለዘውን ገላ አያቷ ፊት ዘለለችው። የሕፃኗን ነገር ግን ነገረቻቸው፤ «ልክ እንዳያት ወደዳት፣ የሱ ሆነች፣ እስክታድግ ይጠብቃታል።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«የዛሬ ልጅ ናት፣ አሁን የተወለደች።»

እማሆይ «በስመ አብ!» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላሉም። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እኔንም እንዲሁ ነው ያሉኝ» አሉ።

ነገሩን በጭላጭል አውቀው ነበር፤ እንደዚያ ተቀምጠው ሲያወሩት ግን ሰምቼ አላውቅም። በአንቀልባ ሳሉ ነው የታጩት። የሁለቱ አባቶች መሬታቸው ኩታ ገጠም ነበር፤ በሽማግሌ ፊት ቃል ተገባ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በጥር ወር በበቅሎ ተጭነው ወደ አማታቸው ቤት ሄዱ። እስኪደርሱ እንደ ልጅ ያድጋሉ፣ አይነኩም ተብሎ ቃል ነበር። «አማቴ ደግ ነበረች፤ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ናት» አሉ። ሁለት ጊዜ ወደ አባታቸው ቤት ጠፍተው መጥተው ሁለቱንም ጊዜ በዚያችው በቅሎ ተመለሱ። «ቃሉስ?» አለች ልጄ። «ቃል የሰጠው ለአባቴ ነው እንጂ ለኔ መቼ ሰጠኝ» አሉና ዝም አሉ። ቀሪውን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ቆየት ብለው «ያችን ሕፃንስ ማን ጠየቃት?» አሉ።

ልጄ መልስ አልነበራትም። መጽሐፉም የለውም። ሕፃኗ ከሰው ልጅ ይልቅ በፍጥነት እንደምታድግ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ሙሉ ሴት እንደምትሆን ይነግረናል፤ ጄኮብም ብዙ እንደማይጠብቅ አውቆ ይረጋጋል። ትወደው ይሆን ወይ የሚል ጥያቄ ግን አይነሣም፤ እንደምትወደው አስቀድሞ ታውቋልና።

ሕጉ ምን ይላል?

«ዘመኑ አልፏል» ይሉኝ ይሆናል። ሕጉ በእርግጥ ተለውጧል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርገዋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመት ካልሞላት እስከ 7 ዓመት፣ ከሞላት እስከ 3 ዓመት እንዲታሠር ይደነግጋል።

ጠለፋም እንዲሁ ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የቀድሞው ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። «ስለወደዳት ነው» የሚለው የሽማግሌ ንግግር ሕግ ሆኖ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። አዲሱ ሕግ ይህን በር ዘጋው፤ ጋብቻ ቢከተል እንኳ ጠላፊው አይድንም፣ ቅጣቱም ከ3 እስከ 10 ዓመት ነው። ከሕጉ መለወጥ በፊት በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጠለፈች አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ጠላፊዋን ገድላ ተከስሳ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርን በመሠረቱት በመዓዛ አሸናፊ በኩል የተያዘው ያ ጉዳይ በዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» ፊልም ሆኖ በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። «ድፍረት» የሚለው ቃል በአማርኛ ጀግንነትም፣ መደፈርም መሆኑን ለልጅዎ ቢነግሯት ብዙ ያነጋግራችኋል።

አንድ ነገር ግን አሁንም ክፍት ነው። አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው አንቀጽ 620 የሚናገረው ከጋብቻ ውጭ ስላለው ነው። ባል በሚስቱ ላይ የሚፈጽመው በዚህ አንቀጽ አይያዝም። እንግዲህ ሰርጉ እስኪደርስ መጠበቅ ጨዋነት ነው፣ ከሰርጉ በኋላ የሚሆነው ግን የጥንዶቹ ጉዳይ ነው የሚለው የ«ብሬኪንግ ዳውን» ሐሳብ ከአሜሪካ የመጣብን እንዳይመስልዎት። ብር አምባር የሚባለውን የሙሽራ ሌሊት ማስረጃ ስንጠብቅ፣ ስንጨፍርበትም የኖርን ሕዝብ ነን። ሙሽራዋ አመማት ወይ ብሎ የጠየቀ ሚዜ ሰምቼ አላውቅም።

መጽሐፉ ውስጥ የቤላ እርግዝና ጽንሱ የጎድን አጥንቷን እየሰበረ፣ ሰውነቷን ከውስጥ እየበላ ይሄዳል፤ በወሊዱ ሰዓት ልትሞት ስትል ኤድዋርድ ቫምፓየር አድርጎ ያድናታል። የአዲስ አበባ ልጆች ይህን እንደ አስፈሪ ልብ ወለድ ያነቡታል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል የተኙት ሴቶች ግን ይህን ታሪክ ያለ ቫምፓየር ያውቁታል። ምጥ ለቀናት ሲቆይና ሐኪም ሲርቅ የሚመጣ ጉዳት ነው፤ ገና ያልጠነከረ የልጅ ገላ ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። ባሕር ዳር ላይም ቅርንጫፍ ተከፍቷል። ደቡብ ጎንደርን ለሚያውቅ ሰው ለምን ባሕር ዳር እንደተመረጠ አያስገርመውም።

ታዲያ ይውሰዱባት?

አይውሰዱባት። ባለቤቴ ሞክሮት አይተናል። ደግሞም ከዚህ የባሰ መጽሐፍ ሞልቷል። «ፊፍቲ ሼድስ» የተባለው መጽሐፍ መጀመሪያ የተጻፈው በዚሁ በ«ቱዋይላይት» ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ዛሬ በቲክቶክ የሚወደሱት «ዳርክ ሮማንስ» የሚባሉት ደግሞ ኤድዋርድን መልአክ ያስመስሉታል። የእህቴ ልጅ አሁን ተራዋ ደርሶ የምታነበው እነዚህን ነው። አንዱን ቢነጥቋት ሌላው ከጓደኛዋ ስልክ አምስት ደቂቃ አይርቅም።

ከእኔ ስህተት ልንገርዎት። መጀመሪያ ልጄን አስቀምጬ «ከዚህ መጽሐፍ ምን ተማርሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። እንደ ፈተና ቆጥራው «ምንም» አለችኝ፤ ወሬው እዚያው ሞተ። በኋላ የገባኝ፣ ልጆች ዓይን ለዓይን ተፋጥጠው ይህን ነገር አያወሩም። መኪና ውስጥ፣ ሽንኩርት ስትከትፉ፣ ፀጉሯን ስትሠሯት ይሻላል። ስለ መጽሐፉ በጠቅላላው ከማውራት ደግሞ አንድ ገጽ መምረጥ ይሻላል። ስለዚያ የተበላሸ ሞተር ከልጄ ጋር ለአንድ ሳምንት ተከራክረናል። እሷ «ተኩላዎቹ አደገኛ ስለሆኑ ሊጠብቃት ነው» ትላለች። እኔ «እሺ፣ አደጋ ይኑር። ግን መኪናው የማን ነው?» እላለሁ። አልተሸነፈችም፤ ልታሸንፈኝም አልቻለች። ብታሸንፈኝ እንኳ ቅር አይለኝም ነበር፤ ማውራቷ በቂ ነበርና።

ገጹን ለመምረጥ ግን እርስዎም ማንበብ አለብዎት። ሌላ አቋራጭ የለውም። እንግሊዝኛው ቀላል ነው። ወንድ ልጅ ካለዎትም አይዘንጉት፤ እሱ መጽሐፉን ባያነብም ሴቶቹ የሚያደንቁትን ኤድዋርድን ያያል፤ መቆጣጠርና መቅናት የሚወደድ መስሎት ቢይዘው አይፍረዱበት።

ለማነጻጸር «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ሰጥቻት ነበር። ሃዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ሰብለወንጌል ከአባቷ ቤት በገዛ ፈቃዷ ወጥታ የወደደችውን ፍለጋ ትሄዳለች። ልጄ «ያስለቅሳል፣ ግን ወፍራም ነው» ብላ ግማሹን አነበበችው። ቀሪውን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ከተቀዳው ሰማችው። መቶ በመቶ የተሳካ ዕቅድ አልነበረም ማለት ነው።

በዚያው ክረምት አንድ ማታ ልጄ ስልኳን አምጥታ አሳየችኝ። አንድ የክፍሏ ልጅ በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደውሎ ሲያጣት «የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ? ስለምወድሽ ነው» ብሎ ጽፏል። ከስድስት ወር በፊት ቢሆን ይህን መልእክት ለእኔ ሳይሆን ለጓደኞቿ እያሳየች ትስቅ፣ ደስም ይላት ነበር ብዬ አምናለሁ። «ምን ልበለው?» አለችኝ። የጻፈችውን አላየሁም፤ ስትጽፍ ግን ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም።

ለእንቁጣጣሽ ወገዳ ደወልን። እማሆይ ሁሉንም መርቀው ከጨረሱ በኋላ ልጄን አቅርቡልኝ አሉ። «ያች ሕፃን እንዴት ሆነች?» ብለው ጠየቋት። «መጽሐፉ እዚያው ላይ አለቀ፣ እማሆይ። ገና ልጅ ናት» አለቻቸው።

«ትቆይ» አሉ እማሆይ፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ ጠየቁን።